ጃፓንኛ ከጀማሪ ወደ መካከለኛ፦ የቱን ይዤ የቱን ልተው?

የጀማሪውን መጽሐፍ ጨርሳችኋል። ሂራጋናና ካታካና የሚባሉት ፊደላት ከእንግዲህ አያስቸግሯችሁም፣ ግሥ ታረባላችሁ፣ ሁለት ሦስት መቶ ካንጂም (ከቻይንኛ የተወሰዱትን የቃል ምልክቶች) ለይታችሁ ታውቃላችሁ። ከዚያ ለተማሪ ያልተጻፈ አንድ ተራ የጃፓንኛ ጽሑፍ ትከፍቱና ሁለተኛው መስመር ላይ ቀጥ ትላላችሁ። ይሄኔ ነው "ቀጥሎ ምን ልግዛ?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው፤ መልሱም ከየአቅጣጫው ይዘንባል። አንዱ ይሄን መጽሐፍ ያዝ ይላል፣ ሌላው ያንን አፕ አውርድ፣ ሦስተኛው ደግሞ መጽሐፉን ሁሉ ጣልና አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ብቻ እይ።

እኔ ምርጫዎቹን የምለካበት መንገድ አንድ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ የምታውቁት ሕግ ብዙ ነው፣ ያያችሁት ዓረፍተ ነገር ግን ጥቂት። ስለዚህ ስለ አንድ መጽሐፍ ወይም አፕ ስጠየቅ መጀመሪያ የማስበው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚገቡኝን ስንት ዓረፍተ ነገሮች ያሳየኛል የሚለውን ነው። የሚያሻግረው የምታውቁትን ሕግ ደጋግሞ የሚያገናኛችሁ ነገር ነው፤ አዲስ ሕግ መደራረቡ ትንሽ ይቆይ። ታች ያለው ሁሉ ከዚህ የመነጨ ስለሆነ፣ በዚህ ካልተስማማችሁ ቀሪውም ላይጥማችሁ ይችላል፤ ቅር አይለኝም።

መጀመሪያ ግን የት ናችሁ?

የጃፓንኛ ችሎታ ፈተናው፣ በተለምዶ ጄኤልፒቲ የሚባለው፣ አምስት ደረጃ አለው። ኤን5 ቀላሉ ነው፣ ኤን1 ከባዱ። እስከ 2009 ድረስ ደረጃዎቹ አራት ብቻ ነበሩ፤ ከሦስተኛው ወደ ሁለተኛው ያለው ርቀት ተፈታኙን በጣም ያስቸግር ስለነበር በ2010 ፈተናው ሲሻሻል መሃል ላይ ኤን3 ተጨመረ። እናንተ አሁን የገባችሁበትን ክፍተት ፈተናውን የሚያዘጋጁት ሰዎች ራሳቸው ያውቁታል ማለት ነው። በስንፍና የመጣ አይምሰላችሁ።

ጀማሪነት የሚያልቀው ኤን4 አካባቢ ነው፣ መካከለኛው ከኤን3 ይጀምራል። ከዲሴምበር 2025 ጀምሮ ደግሞ የውጤት ወረቀቱ ላይ የአውሮፓውያኑ የቋንቋ መለኪያ በአቻነት ይቀመጣል፤ በዚያ መሠረት ኤን3ን ከ95 እስከ 103 ነጥብ አምጥቶ ያለፈ ሰው ገና ኤ2 ነው፣ ቢ1 የሚባለው ከ104 ጀምሮ ነው። ኤን3ን በጭንቅ ማለፍና መካከለኛ ተማሪ መሆን አንድ አይደሉም ማለት ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የፈተናው ድረ ገጽ ላይ በነፃ የተቀመጡትን የኤን4 ናሙና ጥያቄዎች ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ። ንባቡን ጨርሳችሁ ጊዜ ከተረፋችሁና ድምፁንም አንዴ ሰምታችሁ ከገባችሁ ወደ ፊት ሂዱ። መልሱን አግኝታችሁ ግን እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ላይ እየቆማችሁ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ክፍል ለእናንተ ነው።

መድገም ወይስ ማለፍ?

መድገምን ማንም አይወደውም፣ ወደ ኋላ መመለስ ስለሚመስል። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የተናቀ ምርጫ ነው እላለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የጀማሪ መጽሐፍ የመጨረሻው ሲሶ ከባዱ ነው፣ እኛ ደግሞ ያን ጊዜ ለመጨረስ እየተጣደፍን ነን። ተደራጊው ግሥ፣ አስደራጊው፣ "ቢሆን" የሚሉት አራቱ መንገዶች (ቶ፣ ባ፣ ታራ፣ ናራ)፣ መስጠትና መቀበል፤ ሁሉም እዚያች ጠባብ ቦታ ላይ ታጭቀዋል።

አንድ ምሳሌ እንይ። "ዶአ ኦ አኬሩ" በር መክፈት ነው፣ "ዶአ ጋ አኩ" በር መከፈት። ለአማርኛ ተናጋሪ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፣ ከፈተና ተከፈተን ያውቃላ። እንግዲህ "ኤሩ" የሚል ጭራ ያለው አድራጊው ነው ብላችሁ ሕግ ታወጣላችሁ። ቀጥሎ መብራት ይመጣል፤ "ዴንኪ ኦ ኬሱ" መብራት ማጥፋት፣ "ዴንኪ ጋ ኪኤሩ" መብራት መጥፋት። እዚህ ደግሞ ጭራው በሌላኛው ወገን ሆነ። ሕጉ ፈረሰ። እንዲህ ያሉ ጥንዶች በርካታ ናቸው፣ የሚለመዱትም ዓረፍተ ነገር ውስጥ ደጋግሞ በማግኘት ነው። ሰንጠረዥ መሸምደድ ለፈተና ዋዜማ ይሆን እንደሆነ እንጃ፣ ለንባብ ግን አይደርስላችሁም።

ስለዚህ ናሙናው ላይ ከተንገዳገዳችሁ፣ የጀማሪውን ሁለተኛ ቅጽ አጋማሽ ለጥቂት ሳምንታት ድገሙት። ማብራሪያውን አታንብቡ፤ እሱን ታውቁታላችሁ። ንግግሮቹን መጽሐፉን ሳትከፍቱ አዳምጡ፣ ከዚያ ፉሪጋናውን፣ ማለትም ካንጂው ላይ የተጻፈውን አነባበብ፣ በወረቀት ሸፍናችሁ አንብቡ። ወጪ የለውም። ሌላ የጀማሪ መጽሐፍ ማየት ከፈለጋችሁ የጃፓን ፋውንዴሽን ያዘጋጀው ኢሮዶሪ ከነድምፁ በነፃ ይወርዳል፤ እስከ ኤ2 ብቻ ስለሚሄድ ግን አያሻግራችሁም፣ መሠረቱን ነው የሚያጠብቀው።

ዋናው መጽሐፍ፦ ኳርቴት፣ ቶቢራ ወይስ የፈተና መጽሐፍ?

ጌንኪ የሚባለውን የታወቀ የጀማሪ መጽሐፍ የጨረሰ ሰው ፊቱ የሚቆሙት በአብዛኛው ሁለት መጻሕፍት ናቸው።

ኳርቴት የጌንኪው አሳታሚ፣ የጃፓን ታይምስ፣ ከ2019 ጀምሮ በሁለት ቅጽ ያወጣው ነው። በሁለቱ ቅጾች አሥራ ሁለት ምዕራፎች አሉት። ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገርና ማዳመጥ እኩል ቦታ ተሰጥቷቸዋል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ለእኛ ዋናው ነገር ግን በጀማሪ ደረጃ የተማራችሁትን ሰዋስው መልሶ የሚያነሳና አሁን እንዴት እንደምትጠቀሙበት የሚያሳይ ክፍል ያለው መሆኑ ነው። ያንን ክፍል ዘልላችሁ እንዳታልፉት።

ቶቢራ በ2009 ኩሮሺዮ ከሚባለው አሳታሚ የወጣ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ነው፣ አሥራ አምስት ምዕራፍ። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ረጃጅም ንባቦች ይሰጣችኋል፤ ስለ ጃፓን መልክዓ ምድር፣ ስለ ቴክኖሎጂ፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ትምህርት ሥርዓት፣ ስለ ታሪክ። ርእሶቹ የአዋቂ ናቸው። የተማሪ ቤትና የካፌ ንግግር ለሰለቸው ሰው እፎይ የሚያሰኝ ነው። ዝላዩ ግን ሰፊ ነው፤ ከጌንኪ በቀጥታ የመጣ ሰው አንዱን ገጽ ለመጨረስ ምሽቱን ሙሉ ሊወስድበት ይችላል፣ ያኔ ደግሞ መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ከ2021 ጀምሮ ለጀማሪ የተዘጋጀ ቶቢራም ስለወጣ፣ ስትገዙ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ደረጃ እዩ።

የእኔ ፍርድ፦ ጌንኪን ብቻ ጨርሳችሁ ሌላ ምንም ያላነበባችሁ ከሆነ ኳርቴት። ለደረጃችሁ የተዘጋጁ ትንንሽ መጻሕፍት ስታነቡ ከቆያችሁና የኤን4 ናሙናው ከቀለላችሁ ቶቢራ። ሁለቱንም አንድ ላይ አትግዙ። "ሁለት ባላ ትከል" የሚለው ተረት ለመማሪያ መጽሐፍ አይሠራም፤ አንዱ ሲከብድ ወደ ሌላው እየሸሹ ሁለቱም ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ይቆማሉ።

ሁለቱም ለክፍል የተጻፉ መሆናቸውን አትርሱ። "ከጓደኛህ ጋር ተወያይ" የሚሉት መልመጃዎች ብቻውን ለሚያጠና ሰው ሊዘለሉ ይችላሉ፤ የመልስ ቁልፉ ተያይዞ ይምጣ ወይስ ለብቻው ይሸጥ እንደሆነም ከመክፈላችሁ በፊት አጣሩ። የጀማሪውን በሌላው መጽሐፍ፣ በሚና ኖ ኒሆንጎ፣ የጨረሰ ሰው ደግሞ የራሱ የመካከለኛ ቅጽ አለለት። ዋናው መጽሐፍ እንደ ጀማሪው ሁሉ ሙሉ በሙሉ በጃፓንኛ ነው፤ ትርጉሙና የሰዋስው ማብራሪያው ሌላ መጽሐፍ ነው። ያንን አሠራር ከለመዳችሁት ለመቀየር ምንም ምክንያት የላችሁም።

የፈተና መጻሕፍቱስ? ሺን ካንዘን ማስተር ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ሰዋስው፣ ንባብ፣ ማዳመጥ፣ ቃላትና ካንጂ ለየብቻቸው ተጠርዘዋል። የንባቡ መጽሐፍ ከፈተናው ውጭም ይጠቅማል፣ አንድ ጽሑፍ እንዴት እንደሚፈታ ስለሚያስተምር። ሶማቶሜ ቀለል ያለ ነው፣ በሳምንትና በቀን ተከፋፍሎ ይሰጣችኋል። ለክለሳ ደስ ይላል። ነገር ግን አንድን ሰዋስው በሁለት ሦስት ምሳሌ አሳይቶ ያልፋል፤ እኔ ደግሞ መጀመሪያ ያልኩት የምሳሌ ማነስ ነው ችግራችን። ሁለቱም ዋና መጽሐፍ አይሆኑም። ፈተና ሲቃረብ ይምጡ።

በአማርኛ የማሰብ ጥቅምና አንዱ ወጥመድ

ከእነዚህ መጻሕፍት አብዛኞቹ የሚያብራሩት በእንግሊዝኛ ነው። እና ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ከባድ የሆነው ለእናንተ ቀላል የሆነበት ቦታ ብዙ ነው። "ኪኖ ካታ ሆን" ብትሉ "ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ" ነው፣ ቃሉም በዚያው ቅደም ተከተል። መጽሐፉ ይህን ለማስረዳት ቀስት እያሰመረ ዓረፍተ ነገሩን ሲገለብጥ፣ እናንተ ገጹን ገልጣችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። "ኦኪቴ፣ ካኦ ኦ አራኢማስ" ደግሞ "ተነስቼ ፊቴን እታጠባለሁ" ነው። ኦኪቴ ተነስቼ ነው፣ "ኦ" የምትለዋ ደግሞ የ"ፊቴን" ን ነች። ግሡ መጨረሻ። እንግሊዝኛውን መሃል አታስገቡ፤ ማስታወሻችሁን በቀጥታ በአማርኛ ጻፉ። ብዙ ጣጣ ይቀንስላችኋል።

ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው። በአማርኛ ተነስቼ፣ ተነስተህ፣ ተነስታ ስንል ባለቤቱ ግሡ ውስጥ አለ። በጃፓንኛ ሁሉም ኦኪቴ ነው። ባለቤቱ ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣል፣ ግሡም አይነግራችሁም። ጀማሪ መጽሐፍ ውስጥ "ዋታሺ ዋ" (እኔ) እያለ ስለሚደግፋችሁ አይታወቃችሁም። መካከለኛ ጽሑፍ ላይ ግን አንድ አንቀጽ ሙሉ ማን ምን እንዳደረገ ሳይጠቀስ ሊሄድ ይችላል። ፍንጩ ያለው እነዚያ የመስጠትና የመቀበል ግሦች ላይ ነው። "ካሺቴ ኩሬታ" ካለ ሌላው ሰው ለእኔ አዋሰኝ ማለት ነው፤ "ካሺቴ አጌታ" ካለ እኔ አዋስኩት። ስም የለም፣ ተውላጠ ስም የለም፣ አቅጣጫው ግን ቁልጭ ብሎ አለ። "ካሺቴ ሞራታ" ደግሞ እንደገና ተቀባዩን ወደ ፊት ያመጣል።

ስለዚህ የትኛውንም መጽሐፍ ብትመርጡ፣ ንባቡን ስትጨርሱ እያንዳንዱ ግሥ አጠገብ በእርሳስ "ማን?" ብላችሁ መልሱን በአንድ ቃል ጻፉ። አሰልቺ ነው። ግን ገብቶኛል ብላችሁ ያለፋችሁት አንቀጽ ውስጥ ስንቱን ተሳስታችሁ እንደነበር ያን ጊዜ ይታያችኋል።

ለሰዋስው መጠቆሚያ የማኪኖና የጹጹዪ መዝገበ ሰዋስው አለ። ሦስት ቅጽ ነው፣ መሠረታዊ፣ መካከለኛና ከፍተኛ። ከፊት ጀምሮ የሚነበብ አይደለም፤ የቸገራችሁን ፈልጋችሁ ምሳሌዎቹን የምታነቡበት ነው። አንዱን ግዙ ብባል ብዙ ጊዜ የምትመለሱበት የመጀመሪያው ነው የምለው፣ መካከለኛ ደረጃ ላይም ብትሆኑ። የኤአይ ቻት ፕሮግራሞች ምሳሌ ለማብዛት ጥሩ ናቸው፤ በሁለት ተመሳሳይ አነጋገሮች መሃል ያለውን ልዩነት ስትጠይቋቸው ግን ተሳስተውም ቢሆን በሙሉ ልብ ነው የሚመልሱላችሁ፣ ስለዚህ ከመዝገቡ ጋር አስተያዩ።

ካንጂ፦ ለብቻው ወይስ ከቃል ጋር?

በጃፓን መንግሥት ዝርዝር ውስጥ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት የተያዙት ካንጂዎች 2136 ናቸው። ጌንኪ 317 አስተምሮ ይለቃችኋል። ቁጥሩን ያየ ሰው ይደነግጥና ወይ ካንጂን ለብቻው አሳድዶ ሊጨርስ ይነሳል፣ ወይ ጨርሶ ይሸሻል።

ሦስት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የሃይሲግ ዘዴ ነው፤ ለእያንዳንዱ ካንጂ አንድ ትርጉምና አንድ ታሪክ ፈጥሮ መጻፍን ማስታወስ። አነባበቡን የመጀመሪያው ቅጽ አያስተምርም። የምትማሩት ቅርጽ እንጂ ቃል አይደለም፣ ስለዚህ ብዙ ወራት ለፍታችሁ አንድ አንቀጽ ላታነቡ ትችላላችሁ። ቅርጾቹ ሁሉ አንድ ዓይነት እየመሰሉት ለሚሰቃይ ሰው ይረዳል፤ ለሌላው ሰው አሁን ጊዜው አይመስለኝም።

ሁለተኛው እንደ ዋኒካኒ ያለ በደረጃ የተሰናዳ አገልግሎት ነው። 60 ደረጃዎች፣ ወደ 2000 ካንጂ፣ ከ6000 በላይ ቃላት። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደረጃዎች በነፃ ናቸው፣ ከዚያ ይከፈላል። አሠራሩ ጥሩ ነው፤ ራሳቸውን ማደራጀት ለሚከብዳቸው ሰዎች በተለይ። ችግሩ የምታውቁትን ዘልላችሁ መጀመር አለመቻላችሁ ነው። ሦስት መቶ ካንጂ ይዛችሁ ስትመጡ እንደገና "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ነው። ለፍጹም ጀማሪ ብትጠይቁኝ ሌላ እል ነበር፤ እዚህ ደረጃ ላይ ለደረሰ ሰው ግን አልመክርም።

ሦስተኛው ካንጂን በቃል ውስጥ መማር ነው፣ የእኔም ምርጫ ይሄ ነው። መኖርና መወለድ የሚለውን ሐሳብ የምትይዘዋን ካንጂ ውሰዱ። "ሴንሴይ" ውስጥ ሴይ ትባላለች፣ "ታንጆቢ" ውስጥ ጆ፣ "ኢኪሩ" ውስጥ ኢ፣ "ኡማሬሩ" ውስጥ ኡ፣ ለብቻዋ ቆማ ጥሬ ማለት ስትሆን ደግሞ ናማ። ሌላም አላት። ይህን ዝርዝር የሸመደደ ሰው ቃሉን ሲያይ አሁንም የትኛው እንደሆነ ይገምታል። ሴንሴይ፣ መምህር፣ ብሎ የተማረ ሰው ግን አይገምትም። ሴንሴይንና ጋኩሴይን (ተማሪ) ሲያውቅ ሴይ የሚለው አነባበብ ሳይጠየቅ ይገባዋል።

አንኪ፦ የተዘጋጀ ክምር ወይስ የራስ?

አንኪ፣ ማለትም ካርዶችን በየጊዜው እየመለሰ የሚያስከልሳችሁ ፕሮግራም፣ በኮምፒዩተርና በአንድሮይድ በነፃ ነው፣ አይፎን ላይ ይከፈልበታል። የተዘጋጁ የካርድ ክምሮች ሞልተዋል። የመጀመሪያዎቹን አንድ ሺህ አምስት መቶ ቃላት አካባቢ ከተዘጋጀ ክምር መውሰድ ያዋጣል፣ እነሱ የትም ብትሄዱ የሚያጋጥሙ ስለሆኑ። ከዚያ በኋላ ግን የሌላ ሰው ክምር የሌላ ሰው ንባብ ነው።

የራሳችሁ ካርድ ቀላል ይሁን። ስታነቡ "አሜ ጋ ያንዳ ኖዴ፣ ሳንፖ ኒ ኢታ" የሚል አገኛችሁ እንበል፤ ዝናቡ ስላባራ በእግሬ ላናፍስ ወጣሁ። "ያንዳ" ብቻ ነው ያልገባችሁ፣ "ያሙ" ማለትም ማባራት የሚለው ግሥ ነው። ፊት ለፊቱ ላይ ዓረፍተ ነገሩ በካንጂው፣ ጀርባው ላይ አነባበቡ፣ የአማርኛ ትርጉሙና ከተገኘ ድምፁ። በቃ። ሁለት የማይታወቅ ቃል ያለበትን ዓረፍተ ነገር ተዉት፣ ሌላ ቦታ ተመልሶ ይመጣል።

አንኪ ካልነካችሁት በቀን 20 አዲስ ካርድ ይሰጣችኋል። ለብዙ ሰው ይበዛል። ክለሳው እየተጠራቀመ ማንበቢያ ጊዜያችሁን ይበላዋል፤ ወደ ሰባት ስምንት አውርዱት። ስምንት ጊዜ የረሳችሁትን ካርድ ራሱ ምልክት ያደርግበታል፣ አልቅት ብሎ ነው የሚጠራው፣ እና እውነቱን ነው። ሰርዙት።

ምን ላንብብ?

ቃላት እየፈለጉ አንድ ገጽ በአንድ ሰዓት ማንበብ አለ፣ ሳይፈልጉ ብዙ ገጽ ማንበብም አለ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ የሚጎድለው ግን ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው።

ለሁለተኛው የሚሆኑት በደረጃ የተከፋፈሉ ትንንሽ መጻሕፍት ናቸው። ታዶኩ፣ ማለትም ብዙ ማንበብ፣ የሚባለውን ዘዴ የሚያስፋፋ አንድ የጃፓን ድርጅት ድረ ገጹ ላይ ብዙዎቹን በነፃ ያስነብባል። ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፦ ከቀላሉ ጀምር፣ መዝገበ ቃላት አትክፈት፣ ያልገባህን ዝለለው፣ ካልሄደልህ መጽሐፉን ተውና ሌላ አንሳ። ሦስተኛው ሕግ መጀመሪያ ይጎረብጣል፤ ትምህርት ቤት አንድ ቃል ሳናውቅ አናልፍም ብለን ነው ያደግነው። ልመዱት። ኤን4 ላይ ያለ ሰው "ይሄማ ለልጅ ነው" ብሎ ከሚንቀው ደረጃ ቢጀምር ነው የሚሻለው፤ ቀላሉን በፍጥነት ማንበብ ራሱ የምትለማመዱት ችሎታ ነው።

ማንጋስ፣ የጃፓኖቹ የሥዕል ታሪክ? ለታዳጊዎች የሚወጡት በአብዛኛው ፉሪጋና ስላላቸው ቃል መፈለጉ ይቀላል። ለአዋቂ የሚወጡት ብዙውን ጊዜ የላቸውም። ከጀብዱና ከአስማት ይልቅ የቤትና የትምህርት ቤት ኑሮ የሚያሳዩትን ምረጡ፤ የሰይፍ ስሞችን ለምን ታጠናላችሁ? ዜና ደግሞ የብዙ ሰው የመጀመሪያ ምርጫ ነው፣ እኔ ግን አልወደውም። ጽሑፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ርእሱ በየቀኑ ይቀየራል፣ ስለዚህ ዛሬ ያወቃችሁት ቃል ነገ አይመለስም። አንድ ረጅም ታሪክ ውስጥ ግን የደራሲው ቃላት ይደጋገማሉ፤ ከጥቂት ምዕራፎች በኋላ ንባቡ ራሱ ይፈጥናል።

ኮምፒዩተር ላይ የምታነቡ ከሆነ ዮሚታን የሚባለውን ነፃ የብራውዘር መሣሪያ ጫኑ፤ ቃሉ ላይ ስትጠቁሙ ትርጉሙን ያሳያችኋል። መድኃኒትም ሱስም ነው። ሳታስቡት እያንዳንዱ ቃል ላይ መጠቆም ከጀመራችሁ ለአንድ ሳምንት አጥፉት።

ጆሮ

እዚህ ላይ መጽሐፍ ብቻ የሚከተል ሰው ክፉኛ ይወድቃል። "ታቤቴ ሺማታ" (በልቶ ጨረሰ) ብላችሁ ተምራችኋል፣ ሰዎቹ "ታቤቻታ" ይላሉ። "ሺናኬሬባ ናራናይ" የሚለው ረጅም ግዴታ አፋቸው ላይ "ሺናኪያ" ሆኖ ያልቃል። "ሺቴ ኢሩ" (እያደረገ ነው) ደግሞ "ሺቴሩ"። ሕጉን ታውቁታላችሁ፣ ድምፁን ግን አልሰማችሁትም።

አኒሜ በአማርኛም ሆነ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ታጅቦ ማየት መዝናኛ ነው። ተዝናኑበት፣ ጥናት ብላችሁ ግን አትቁጠሩት። በጃፓንኛ ጽሑፍ ታጅቦ ማየት በአብዛኛው ንባብ ነው፣ ጥሩ ንባብ። ያለ ምንም ጽሑፍ ማየት ደግሞ ኤን4 ላይ ላለ ሰው ብዙውን ጊዜ ጫጫታ ነው። ለተማሪ የሚዘጋጁ ፖድካስቶች ከሦስቱም ይሻላሉ፤ ሰዎቹ የሚያወሩት ስለ ኑሯቸው ነው፣ ፍጥነታቸውም ይቻላል። እንዲያውም ከእሱ በፊት እጃችሁ ላይ ያለ ሀብት አለ፤ የመማሪያ መጽሐፉ የድምፅ ፋይል። አብዛኛው ሰው አንዴ ሰምቶ ይተወዋል። የጨረሳችሁትን ምዕራፍ ስልክ ላይ ጫኑና እየተራመዳችሁ ከተናጋሪው እግር እግር እየተከተላችሁ ድምፃችሁን አውጥታችሁ ድገሙት።

መናገር፦ አስጠኚ ወይስ ልውውጥ?

የቋንቋ ልውውጥ በነፃ ነው። ግማሹ ሰዓት የሌላው ሰው ነው፣ ጃፓናዊው የሚፈልገውም በአብዛኛው እንግሊዝኛ ስለሆነ ልውውጡ በሁለት የባዕድ ቋንቋ መሃል ይሆንባችኋል። ጓደኛ ለማፍራት ደስ ይላል፣ ስህተትን ለማረም ግን አይመችም፣ ጨዋ ሰው ጓደኛውን በየዓረፍተ ነገሩ አያቋርጥም። ለሚከፈለው አስጠኚ ይህ ሥራው ነው።

ገንዘቡ ካላችሁ በየሁለት ሳምንቱ አንድ ሰዓት አስጠኚ ከሳምንታዊ ልውውጥ ይበልጥብኛል። ግን ምን እንደምትፈልጉ ንገሩት፤ አለበለዚያ ደስ የሚል ወሬ አውርታችሁ ትለያያላችሁ። "ያነበብኩትን ልተርክልህ፣ ስህተቴን ጻፍልኝ" በሉት። ሌላው መጠየቅ ያለባችሁ የአነጋገር ደረጃውን ነው፤ እስካሁን የተናገራችሁት በአክብሮቱ አነጋገር፣ በ"ማስ" እና በ"ዴስ" ነው፣ የጓደኛ አነጋገር ላይ አፋችሁ አልተፈታም። ግማሹን ሰዓት በአንዱ፣ ግማሹን በሌላው ይሁን። ኤን4ን ያላለፈ ሰው ግን ገንዘቡን መጽሐፍ ላይ ቢያውል ይሻለዋል።

ኤን3ን ልፈተን?

ሥራ ወይም ትምህርት ካልጠየቃችሁ ግዴታ የለም። ቀጣሪዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት ኤን2ን ነው። ቀን ካልተቆረጠለት የማይሠራ ሰው ከሆናችሁ ግን ተመዝገቡ፤ ፈተናው በጁላይና በዲሴምበር ይሰጣል፣ አንዳንድ አገሮች ግን በዓመት አንዴ ብቻ።

አሠራሩን እወቁት። ጠቅላላው ከ180 ነው፣ ኤን3ን ለማለፍ 95 ያስፈልጋል። በተጨማሪ ግን ቃላትና ሰዋስው፣ ንባብ፣ ማዳመጥ፤ ሦስቱም ለየብቻቸው ከ60 ቢያንስ 19 ማምጣት አለባቸው። ኤን4 ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አንድ ላይ ስለሚቆጠሩ ደካማው በጠንካራው ይሸፈን ነበር፤ እዚህ አይሸፈንም። ሁሉም ጥያቄ ምርጫ ነው፣ መናገርም መጻፍም የለበትም፣ ስለዚህ ወረቀቱን ይዞ አፉ የማይፈታ ሰው መኖሩ አያስገርምም።

ከምዝገባው በፊት የኤን3ን ናሙና ሥሩና በሦስቱ ክፍል ለየብቻ ቁጠሩ። ንባቡ ላይ ጊዜ ካለቀባችሁ የሺን ካንዘንን የንባብ መጽሐፍ አሁን አምጡት፣ የሰዋስውን ተዉት። ማዳመጡ ላይ ከግማሽ በላይ ካመለጣችሁ ግን ምዝገባውን ወደሚቀጥለው ዙር አሻግሩት፣ ዋናውን መጽሐፍ ለአንድ ወር ዝጉትና ሰዓቱን በሙሉ ለጆሮ ስጡት።